ጻድቁ ንጉሥ ነአኵቶ ለአብ በቅዱስ ላሊበላ ቤት እንደ ምን እንዳደገ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል በሚከበርበት በዚህ ጊዜ ስለ ሕንፃው፥ ስለ ንዋየ ቅድሳቱና ስለ አገልጋዮቹ ሌሎች ሊቃውንት በየበኩላቸው ጽፈዋል። ለእኔ የደረሰኝ ክፍል ስለ ልጆቻችን ነው። ቤተ ክርስቲያን በድንጋይና በእንጨት ብትታነጽም ከትውልድ ወደ ትውልድ የምትሻገረው በልጆች አፍ ነውና፥ ክፍሌን በደስታ ተቀብያለሁ። ሕንፃው ጸንቶ ሳለ በውስጡ አቡነ ዘበሰማያት የሚደግም ሕፃን ቢታጣ፥ ያከበርነው በዓል የግድግዳ በዓል ይሆናል።

ዛሬ በብዙ ቤት የሚታየው ነገር ይህ ነው። አባት ልጁን ነጭ አልብሶ ለጥምቀትና ለገና ያመጣዋል፤ ጸሎት ማስተማሩን ግን የየኔታ ሥራ ነው ብሎ ይተወዋል። የኔታም ልጁ ፊደል ሊቆጥር ሲመጣ ማማተብን ከቤቱ ተምሮ የመጣ ይመስላቸዋል። የንስሐ አባትም ወላጆቹን እንጂ ልጁን ሳይጠይቁ ይሄዳሉ። ሦስቱ እንዲህ እርስ በርሳቸው ሲጠባበቁ ልጁ በመካከላቸው ያልፋል። ስለዚህ ነገር ምክር ከማብዛት ይልቅ፥ ከገዛ አገራችን ከላስታ የወጣውን፥ በዘመድ ቤት በጸሎት አድጎ ለንግሥናና ለቅድስና የበቃውን የነአኵቶ ለአብን ታሪክ መተረክ የሚሻል ሆኖ ታየኝ።

ላስታ በዛጔ ነገሥታት ዘመን የመንግሥት መቀመጫ ነበረች፤ ዛሬ ላሊበላ የምንላት ከተማም በዚያን ጊዜ ሮሐ ትባል ነበር። ከነዚያ ነገሥታት አራቱን፥ ይኸውም ይምርሐነ ክርስቶስን፥ ገብረ ማርያም የተባለውን ሐርቤን፥ ላሊበላንና ነአኵቶ ለአብን ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳን ቈጥራ ታከብራቸዋለች። ይህም በቃል ብቻ የቀረ ወሬ አይደለም፤ ቅዱስ ላሊበላ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1225 ዓመት ለቤተ ክርስቲያን ርስት መስጠቱን የሚመሰክር ጽሑፍ ሳይጠፋ ለእኛ ዘመን ደርሷል።

ነአኵቶ ለአብ የሐርቤ ልጅ ነው። ሐርቤና ላሊበላ ወንድማማች ሲሆኑ፥ በመካከላቸው የነበረው ነገር አስቀድሞ መልካም እንዳልነበረ ትውፊት አይሸሽግም። ላሊበላ እንዲነግሥ ትንቢት ስለ ተነገረለት በቤተ ዘመድ ዘንድ ተጠላ፤ መርዝም በጽዋ ተሰጠው፤ አስቀድሞ የቀመሰለት ዲያቆን ሞተ፤ ላሊበላ ግን ጠጥቶ በእግዚአብሔር ኃይል ዳነ። ከዚህ በኋላ ሐርቤ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ዐውቆ መንግሥቱን ለወንድሙ በፈቃዱ ለቀቀለት ተብሎ ይነገራል። እንግዲህ ነአኵቶ ለአብ ማለት ቀድሞ ከተቀናቀነው ሰው አብራክ የወጣ ልጅ፥ ለዙፋንም የሚታሰብ የወንድም ልጅ ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ልጅ የዓለም ነገሥታት ምን እንደሚያደርጉት የታወቀ ነው። በአገራችንም በኋላ ዘመን የነገሥታት ልጆች በአምባ ግሸን ላይ ከሰው ተለይተው ይጠበቁ ነበር። ቅዱስ ላሊበላና ንግሥቲቱ ቅድስት መስቀል ክብራ ግን የሐርቤን ልጅ ወደ ገዛ ቤታቸው አስገብተው እንደ አብራካቸው ክፋይ አሳደጉት። ወንበር አሳዳጅ ይሆናል ተብሎ ሊፈራ የሚገባው ልጅ በአንድ ማዕድ በላ፤ በአንድ ቤት ጸለየ። ለወላጆች የመጀመሪያው ትምህርት ከዚህ ይወጣል። ልጅ ጸሎትን ከመማሩ አስቀድሞ ቤቱ ቂምን መተው አለበት። አባቱና አጎቱ በድንበር ተካሰው ሲኮራረፉ፥ እናቱ ከጎረቤት ጋራ ሳትነጋገር ስትከርም እያየ የሚያድግ ልጅ፥ ይቅር ማለትን የሚለምነውን የጌታን ጸሎት በአፉ ቢደግመው እንኳ በልቡ ሐሰት ይመስለዋል። ላሊበላ ለወንድሙ ልጅ ያስተማረው የመጀመሪያ ጸሎት በቃል የተነገረ አልነበረም፤ ልጁን መቀበሉ ራሱ ጸሎት ነበረ።

ስለ ስሙም ጥቂት እንናገር። የግእዝ ስም እንደ ሸማ የሚደረብ ብቻ አይደለም፤ ምሥጢር አለው። አኰተ አመሰገነ ማለት ነው፤ የቍርባን ምስጋና አኰቴት መባሉም ከዚሁ ግሥ ነው። ነአኵቶ ስንል በራስጌ የመጣው ነ ባለቤቱን ብዙ ያደርገዋል፤ በግርጌ ያለው ዝርዝርም ወደ አብ ይመለሳል። እንግዲህ ስሙ አብን እናመስግነው ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ላመስግነው አይልም፤ እናመስግነው ይላል። ይህን ልጅ ከደጅ ሊጠራው የወጣ ሁሉ፥ እንጀራ ብላ ሲለውም፥ ተነሥ ነግቷል ሲለውም፥ ሳያስበው ራሱንና ልጁን በአንድነት ወደ ምስጋና ይጠራ ነበር።

የክርስቲያን ቤት ጸሎትም ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ጌታችን ያስተማረው ጸሎት አቡነ ብሎ ይጀምራል፤ አባቴ ብሎ አይጀምርም። ስለዚህ ልጅን ብቻውን በማእዘን አቁሞ ጸልይ ማለት የጸሎቱን ቃል ማፍረስ ነው። አባት ቁጭ ብሎ፥ ወሬም እያወራ፥ ልጁን ሂድና ጸልይ የሚለው ቢሆን፥ ልጁ ጸሎት የትንንሾች ሥራ እንደ ሆነና ሲያድጉ የሚተውት እንደ ሆነ ያስባል። አባት ቆሞ ልጅ በአጠገቡ ቢቆም ግን፥ ትልቁም ትንሹም በአንድ አባት ፊት ልጆች እንደ ሆኑ ያለ መምህር ይማራል። በጸሎት ጊዜ በቤት ውስጥ አባት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በሰማያት ያለው ነው።

ደግሞም ያን ልጅ የከበበውን አገር እናስብ። ኢየሩሳሌም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1187 ዓመት በሳላሕ አድ-ዲን እጅ ወድቃ ነበር፤ ወደ ቅድስት አገር የሚደረገውም ጕዞ በዚያም ሆነ ከዚያ በፊት በድካም የተመላ ነበረ። ቅዱስ ላሊበላ በሮሐ ከአንድ ወጥ ዐለት ያስፈለፈላቸው አብያተ ክርስቲያናት ያችን የሩቅ አገር በቅርብ የሚያሳዩ ናቸው። ወንዙ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ጎልጎታ፥ ደብረ ሲና፥ ቤተ ልሔም፥ መቃብረ አዳም የሚባሉ ቦታዎችም አሉ። በዚያ ያደገ ልጅ የጌታን ሕይወት ገና መጽሐፍ ሳያነብ በእግሩ ይረግጠው፥ በዓይኑም ያየው ነበር። ከዮርዳኖስ ተሻግሮ ወደ ጎልጎታ ሲወጣ ወንጌልን ይሄድባት ነበር ማለት ነው።

የዛሬ የላስታ ልጅም ከዚህ ርስት አልተነቀለም። በታኅሣሥ 29 ቀን በቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይ በዐለቱ አፋፍ፥ ከታችም በቅጽሩ ውስጥ በሁለት ወገን ቆመው ቤዛ ኵሉን ሲያሸበሽቡ፥ የላይኞቹ በመላእክት፥ የታችኞቹ በእረኞች ይመሰላሉ። አባቱ በትከሻው የተሸከመው የሦስት ዓመት ልጅ የዜማውን ምሥጢር አያውቅም፤ ነገር ግን ሰማይና ምድር እንደሚቀባበሉ ያያል። በቤት ስትጸልዩ ያን ያየውን አስታውሱት፤ እኛ ከታች ነን፥ መላእክት ከላይ ናቸው ብትሉት ወዲያው ይገባዋል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1978 ዓመት እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ብዙ እንግዳ ከሩቅ አገር እየመጣ ያደንቃቸዋል። እንግዳው ድንጋዩን አይቶ ይመለሳል፤ ድንጋዩ የተፈለፈለበትን ጸሎት መውረስ ግን የልጆቻችን ፈንታ ነው።

አሁን ደግሞ በአባቶቻችን ሥርዓት ልጅ ጸሎትን በቤቱ የሚማርበትን መንገድ በቅደም ተከተል እናመልክት። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ተጠምቀው ክርስትና አባትና ክርስትና እናት ይቀበሏቸዋል፤ ማተብም በአንገታቸው ይታሰራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ የጸሎት ባለቤት ነው፤ መናገር እስኪጀምር መጠበቅ አያስፈልግም። እናት ስታጠባው አማትባ ታጥባው፤ ስታስተኛው በፊቱ ላይ ታማትብበት፤ ጸሎቷንም በጆሮው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትድገም። ሕፃን የእናቱን ድምፅ ከቃሉ አስቀድሞ ያውቃል።

እጁ መታዘዝ ሲጀምር ማማተብን ይማር። ጣቶቹን ይዛችሁ ከግንባር ወደ ደረት፥ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ውሰዱለት። ትርጓሜውንም እንደ ዕድሜው ንገሩት፤ ከላይ ወደ ታች መውረዱ ጌታ ከሰማይ ወደ ምድር መውረዱን፥ ከግራ ወደ ቀኝ መሻገሩም ከጨለማ ወደ ብርሃን መሻገራችንን ያመለክታል። አንደበቱ ሲፈታ በስመ አብን፥ ቀጥሎም አቡነ ዘበሰማያትን ይያዝ። ሁሉን በአንድ ቀን አታሸክሙት፤ አንድ ሐረግ በአንድ ሳምንት ይበቃዋል። በግእዝ ያጠናውንም በአማርኛ ፍቱለት፤ ፍቺውን ሳያውቅ የሚደግም ልጅ መልእክት እንደ ተሸከመ ፖስተኛ ነው፤ ያደርሳል እንጂ አያነበውም። ከዚህ በኋላ ወደ እመቤታችን የሚቀርበውን በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን፥ ከፍ ሲልም ጸሎተ ሃይማኖትን ይጨምር።

ወደ የኔታ ሲሄድ ፊደሉን ቈጥሮ፥ አቡጊዳውን ለይቶ፥ ፊደለ ሐዋርያንና ወንጌልን አልፎ ወደ ዳዊት ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ወላጆች ሥራችን አለቀ ብለው እጃቸውን እንዳያጥፉ። በየኔታ ዘንድ ንባቡን ይማራል፤ መጸለዩን ግን ከቤቱ ያየዋል። ዳዊት የደገመ ልጅ ማታ በምድጃው ዙሪያ አንድ መዝሙር ለቤተ ሰቡ ቢያነብ፥ እናቱም ሰምታ አሜን ብትል፥ ትምህርቱ ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው። ፊደል ያልቈጠረች እናትም በዚህ አትፈር፤ ልጇ ያነባል፥ እርስዋ ትሰግዳለች፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ልጁ ራሱ ኋላ ያውቀዋል።

ሦስት ነገሮችን ግን ልንጠነቀቅ ይገባል። የመጀመሪያው፥ ጸሎትን ቅጣት አለማድረግ ነው። ልጅ ባጠፋ ጊዜ ስገድ ብሎ ማስገደድ ስግደትን ከበትር ጋራ ያዛምድበታል። ሁለተኛው፥ አለማስረዘም ነው። ከብት ሲጠብቅ የዋለ፥ በብርድ የደከመ ልጅ ዓይኑ እየተከደነ ረጅም ጸሎት ቢያቆሙት እንቅልፉን እንጂ አምላኩን አያስብም፤ አጭር ጸሎት በየቀኑ ከረጅም ጸሎት በየወሩ ይሻላል። ሦስተኛው፥ በሰው ፊት አለማሳፈር ነው። ቃል የሳተውን ልጅ እንግዳ እየሰማ የሚስቁበት ሰዎች፥ ልጁን ዳግመኛ አፉን እንዳይከፍት ያደርጉታል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ነአኵቶ ለአብ በጸሎት ቤት ያደገ ነውና ሕይወቱ ሁሉ ያለ ፈተና ተከናወነለት ብለን እንዳናስብ፥ ትውፊት ደግ ነገር አስቀርቶልናል። ቅድስት መስቀል ክብራ ያሳደገችውን ልጅ ብቃት አይታ መንግሥቱን ለነአኵቶ ለአብ እንዲያስረክበው ባልዋን መከረችው፤ ላሊበላም እሺ ብሎ በሕይወቱ ሳለ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለቀቀለት። ነአኵቶ ለአብም ነገሠ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ከገዛ በኋላ ግን ወታደሮቹ ለንጉሡ ማዕድ የሚታረድ ሲፈልጉ፥ ከአንድ ድሀ ገበሬ ያለችውን አንዲት ላም ነጥቀው ወሰዱ።

በላስታ ለምንኖር ሰዎች ይህን ነገር ማስረዳት አያሻም። የአንድ ድሀ አንዲት ላም ማለት የልጆቹ ወተት፥ የዓመቱ ቅቤ፥ ነገ የሚያርስበት በሬ እናት፥ የክፉ ቀን መሸሸጊያ ናት። ላሟ ወደ ንጉሥ ቤት ስትነዳ የገበሬው ቤት ሁሉ አብሮ ተነዳ። ንጉሡ በገዛ እጁ አልነጠቀም፤ ነገር ግን የተነጠቀው በስሙ ነው፤ የተዘጋጀውም ለገበታው ነው። ገበታው በጸሎት ሊባረክ ይችላል፤ በረከት ግን በድሀ እንባ ላይ አይቆምም።

ይህን ነገር የሰማች መስቀል ክብራ እንደ ብዙ እናቶች የልጅዋን ነውር በቀሚስዋ አልሸፈነችም። ያነገሠችውን እርስዋው ከዙፋኑ እንዲወርድ አደረገች፤ ላሊበላ ዳግመኛ መንግሥቱን እንዲይዝ መከረችው፤ እርሱም ተመልሶ ነገሠ። የወደደችውን ልጅ ከአንድ ድሀ ላም አላስበለጠችም። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቍጥር የዚያ ቤት ጸሎት እውነተኛ እንደ ነበረ የሚያስረዳኝ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይህ ነው። በዚያ ቤት እግዚአብሔር የሚፈራው በጸሎት ሰዓት ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ የንግሥቲቱ አንደበት ስለ አንድ ገበሬ ባልተከፈተም ነበር።

እንግዲህ ልጆቻችንን የማዕድ ጸሎት ስናስተምር፥ ባርክልን ማለቱን ብቻ አናስተምራቸው። እንጀራው ከየት እንደ መጣ፥ ማን እንዳረሰው፥ ለሠራተኛው ዋጋው ተከፍሎ እንደ ሆነ ይጠይቁ ዘንድም እናስልጥናቸው። ልጅ ከጎረቤት ማሳ እሸት ሰርቆ ቢመጣና እናቱ ዝም ብላ ጠብሳ ብታበላው፥ በላዩ ላይ አቡነ ዘበሰማያት ቢደግሙበትም ጸሎቱን ያበላሸችው እርስዋ ናት። እሸቱን አስይዛ ይቅርታ እንዲለምን ወደ ባለማሳው ብትልከው ግን፥ በመንገድ ላይ እያፈረ የሚሄድባት ያች ጊዜ የጸሎት ትምህርት ትሆንለታለች። መስቀል ክብራ ያደረገችው ይህን ነው፤ የእርስዋ ልጅ ንጉሥ ስለ ነበረ ብቻ ነገሩ ከፍ ብሎ ታየ።

ነአኵቶ ለአብስ ምን አደረገ? ከቤቱ አልተሰደደም፤ ርስቱም አልጠፋበትም። ከቅዱስ ላሊበላ ዕረፍት በኋላ ዳግመኛ ነግሦ በትውፊታችን ከቅዱሳን ነገሥታት አራተኛ ሆኖ ይቈጠራል። ተግሣጽን የቀመሰ ሰው ዳግመኛ ለመሾም የበቃው፥ ተግሣጹ ከፍቅር ስለ መጣ ነው። ልጅን ገሥጾ ከቤት ማባረር ይቻላል፤ ሳይገሥጹ በቤት ማኖርም ይቻላል፤ ገሥጾ በቤት ማኖር ግን ጸሎት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

በኋላም የንጉሡ ልብ ከዙፋን ይልቅ ወደ ዋሻ አደላ። ከላሊበላ ከተማ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በተፈጥሮ ዋሻ ሥር የተሠራው ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከዋሻው ጣራ ውሃ በየጠብታው እየወረደ በተቦረቦሩ ድንጋዮች ውስጥ ይጠራቀማል፤ ምእመናንም ጠበል አድርገው ይወስዱታል። ጻድቁ የጌታን ሕማም እያሰበ ብዙ ያለቅስ ነበርና አበው ጠብታውን የእርሱ እንባ ምሳሌ አድርገው ይናገሩለታል። በከተማይቱ አናት በተራራ ላይ የተፈለፈለችው አሸተን ማርያምም በትውፊት ከእርሱ ሥራ ትቈጠራለች።

መንግሥት በ1262 ዓመተ ምሕረት ከዛጔ ቤት ወጥታ ወደ ይኩኖ አምላክ አለፈች። የዛጔ ነገሥታት ሠራዊትና ግምጃ ቤት ዛሬ የት አለ? ከዚያ ሁሉ የቀረው ጸሎት የተጸለየበት ቦታ ነው። ነአኵቶ ለአብም በትውፊት እንደሚነገረው በኅዳር 3 ቀን ከሰው ዓይን ተሰወረ፤ በዚያ ቀንም በዓሉ ይከበራል።

ጠብታው ስለ ልጆቻችን አንድ ነገር ያስተምረናል። ያን ድንጋይ የቦረቦረው ጎርፍ አይደለም፤ የዕለት የዕለት ጠብታ ነው። የልጅም ልብ በአንድ በዓል ስብከት ወይም በአንድ ቀን ቍጣ አይቀረጽም። ማታ ማታ የምትደረግ አጭር ጸሎት፥ ከማዕድ በፊት የምትደረግ ምስጋና፥ ሲወጡ ሲገቡ የምትደረግ ማማተብ፥ እነዚህ ጠብታዎች ተጠራቅመው ጠበል ይሆናሉ።

ስለዚህ አባቶቼ ካህናት፥ በዚህ በኢዮቤልዩ ዓመት ወደ ንስሐ ልጆቻችሁ ቤት ስትገቡ ወላጆቹን ብቻ ሳትጠይቁ ሕፃኑን ወደ ጉልበታችሁ አቅርባችሁ አቡነ ዘበሰማያትን አስደግሙት፤ ቢስት አርሙት፥ ቢያውቅ መርቁት። እናንተም ወላጆች፥ ዛሬ ማታ ከእራት በፊት ጥቂት ቁሙ፤ ከታናሹ ጀምራችሁ ሁሉን በአንድነት አቁሙ። ክርስትና አባትና ክርስትና እናት የሆናችሁም፥ በዓመት አንድ ቀን ልብስ ከመስጠት በላይ ያንን ልጅ ምን ተማርህ ብላችሁ ጠይቁት። ልጆቻችን የሚጠሩበት ስም ሌላ ቢሆንም፥ በየቤታችን የሚሰማው ድምፅ የዚያ የላስታ ልጅ ስም ትርጓሜ ይሁን፤ አብን በአንድነት እናመስግነው።

የጻድቁ ንጉሥ የነአኵቶ ለአብ፥ የቅዱስ ላሊበላና የቅድስት መስቀል ክብራ በረከት በደብራችን ላይ፥ በየቤታችንና በልጆቻችን ላይ ይደርብን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።